ነጥብ የማያስቆጥረው ተጫዋች ቡድን የሚያሻሽለው እንዴት ነው?

በ2006 ክረምት (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ሁለት የአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ቡድኖች ተጫዋች ተለዋወጡ። ሂውስተን ሮኬትስ ገና ከኮሌጅ የወጣውን፣ ብዙ የተወራለትን ሩዲ ጌይን ከስትሮማይል ስዊፍት ጋር ለሜምፊስ ግሪዝሊስ ሰጠ። በምትኩ የተቀበለው አንድ ሰው ብቻ ነው። ስሙ ሼን ባቲዬ ይባላል።

ባቲዬ ያኔ 27 ዓመቱ ነው። በአንድ ጨዋታ በአማካይ ወደ 10 ነጥብ ያስቆጥራል። ፈጣን አይደለም። እንደ ሌሎቹ ከፍ ብሎ አይዘልም። ኳስ እያንጠባጠበ ሰው ማለፍም አይሆንለትም። ጌይ ደግሞ ወጣት፣ ረጅም፣ ዘላይ ነው። ለተራ ተመልካች ሂውስተን የከሰረ ነበር የሚመስለው።

ከዚያስ? ሂውስተን ከልውውጡ በፊት በነበረው የውድድር ዓመት 34 ጨዋታ አሸንፎ 48 ተሸንፏል። ባቲዬ በገባበት ዓመት 52 አሸነፈ፣ 30 ተሸነፈ። ሜምፊስ በበኩሉ ከ49 ድል ወደ 22 አሽቆለቆለ። በቀጣዩ ዓመት ጌይ በአማካይ 20 ነጥብ ማስቆጠር ጀመረ። ሜምፊስ ግን አሁንም ያሸነፈው 22 ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ አንድ ሰው አመጣው ማለት ማጋነን ይሆናል። ለምን እንደሆነ ወደ ታች እንደርስበታለን። ቢሆንም ልዩነቱ ዝም ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

ሮል ፕሌየር የሚባለው ማን ነው?

በአንድ የኤንቢኤ (የአሜሪካ ትልቁ የቅርጫት ኳስ ሊግ) ቡድን ውስጥ 15 ገደማ ተጫዋች አለ። ከእነሱ ውስጥ ሁለቱ ወይም ሦስቱ ኮከብ ናቸው። ጨዋታው የሚሠራው በእነሱ ዙሪያ ነው፣ ኳሱም አብዛኛውን ጊዜ እነሱ እጅ ነው የሚውለው። የቀሩት ሮል ፕሌየር ይባላሉ። የተወሰነ ሥራ የተሰጣቸው ተጫዋቾች ማለት ነው። አንዱ ሪባውንድ ይለቅማል፣ ማለትም ተስቶ ከቀለበቱ የተመለሰውን ኳስ ይይዛል። ሌላው የተጋጣሚን ኮከብ ይጠብቃል። ሌላው ጥግ ላይ ቆሞ ሦስት ነጥብ ይወረውራል።

ሮል ፕሌየር ሁሉ ግን ቡድኑን ያስቀድማል ማለት አይደለም። ብዙዎቹ አጋጣሚውን ቢያገኙ ኮከብ መሆን ይፈልጋሉ። ይህም አያስወቅሳቸውም፤ ቀጣዩ ኮንትራታቸው በነጥብ እንደሚለካ ያውቃሉ። ስለዚህ ኳስ በደረሳቸው ቁጥር ይወረውራሉ። እዚህ የምናወራው ስለ ሌላኛው ዓይነት ነው። የራሱን ቁጥር ቢጎዳም ለቡድኑ የሚጠቅመውን አውቆ ስለሚመርጠው።

እግር ኳስ የሚከታተል ሰው ክሎድ ማኬሌሌን ያስታውስ። ሪያል ማድሪድ በ2003 ቤካምን አስመጥቶ ማኬሌሌን ለቼልሲ ሸጠ። ማድሪድ የሊጉን ዋንጫ እንደገና እስኪያነሳ 2007 ደረሰ። ቼልሲ ደግሞ በ2005 ከ50 ዓመት በኋላ የእንግሊዝ ሻምፒዮን ሆነ። የያኔው የቼልሲ ባለቤት የአብራሞቪች ገንዘብም እዚያ ውስጥ እንዳለበት አልረሳሁም። ግን ከኋላ ሆኖ ክፍተት የሚደፍነው ሰው ሲሄድ ምን እንደሚፈጠር ማድሪድ በደንብ አይቶታል።

ታዲያ ሥራው ለምን አይታይም?

ከጨዋታ በኋላ አንድ ሰንጠረዥ ይወጣል። ስንት ነጥብ አስቆጠረ? ስንት ሪባውንድ ያዘ? ስንት አሲስት ሰጠ? ማለትም ወዲያው ወደ ነጥብ የተቀየረ ኳስ ስንት ጊዜ አቀበለ? ስንት ኳስ ነጠቀ፣ ስንት ውርወራ ከአየር ላይ መታ? ጋዜጠኛው የሚጽፈው ከዚህ ነው። ሽልማትና ደሞዝም ለረጅም ዘመን በዚህ ላይ ተመሥርተው ኖረዋል።

ሰንጠረዡ የሚመዘግበው ድርጊቱን የጨረሰውን ሰው ነው። ያስጀመረውንና መንገድ የከፈተውን አይመዘግብም። አንድ ተከላካይ ተጋጣሚውን አስጨንቆ ኳሱን ከማይመቸው ቦታ ቢያስወረውረውና ኳሱ ቢስት፣ ሪባውንዱን የያዘው ሌላ ሰው ይመዘገብለታል። ለተከላካዩ ምንም የለውም። ሃይላይት፣ ማለትም የጨዋታው ምርጥ ትዕይንቶች ቅንብር፣ ደግሞ ከሰንጠረዡም ይብሳል። የኤንቢኤ ጨዋታ እኛ ጋ ሌሊት ስለሚደርስ አብዛኞቻችን ጠዋት በስልክ የምናየው ዘሎ ኳሱን ቀለበት ውስጥ የመክተት፣ የዳንክ፣ አስር ቪዲዮ ነው። እዚያ ውስጥ ባቲዬን መፈለግ ከንቱ ድካም ነው።

ኳስ ሳይዝ ምን ይሠራል?

ከማጥቃቱ እንጀምር። ቅርጫት ኳስ የቦታ ጨዋታ ነው። አምስት አጥቂና አምስት ተከላካይ በግማሽ ሜዳ ይታጨቃሉ። ኮከቡ ወደ ቀለበቱ ሰብሮ እንዲገባ ቦታ ያስፈልገዋል። ጥግ ላይ የቆመው ጓደኛው ጥሩ ወርዋሪ ከሆነ፣ የእሱ ጠባቂ ትቶት ኮከቡን ለማገዝ መሄድ ይፈራል። ከሄደ ሦስት ነጥብ ይቆጠርበታል። በኤንቢኤ ሜዳ ደግሞ ከጥግ የሚወረወረው ሦስት ነጥብ ቅርብ ነው፤ መስመሩ ከፊት ለፊት 7.24 ሜትር ሲርቅ ጥጉ ላይ 6.7 ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ ያ ሰው ኳስ ሳይነካ፣ ዝም ብሎ ቆሞ አንድ ተከላካይ ከጨዋታው አስወጣ ማለት ነው። ባቲዬ ኑሮው እዚያ ጥግ ላይ ነበር።

ሁለተኛው ስክሪን ነው። አንድ ተጫዋች ሄዶ በጓደኛው ጠባቂ መንገድ ላይ ይቆማል። ጠባቂው ይጋጨዋል ወይም ዞሮ ያልፈዋል። በዚያች ግማሽ ሰከንድ ጓደኛው ነጻ ይሆናል። ከዚያ ኳስ ያቀበለው አሲስት ያገኛል፣ የወረወረው ነጥብ ያገኛል። ስክሪን የሠራው ደረቱን ያሻል።

ሦስተኛው አለመወርወር ነው። ይህ እንደ ሥራ አይቆጠርም፣ ግን ሥራ ነው። እንበል አንድ ተጫዋች ከመካከለኛ ርቀት ሁለት ነጥብ ሲሞክር 40 በመቶ ያገባል። እያንዳንዱ ሙከራ በአማካይ 0.8 ነጥብ ያወጣል። አንድ ቅብብል ጨምሮ ኳሱን ጥግ ላይ ላለ፣ ሦስት ነጥብ 38 በመቶ ለሚያገባ ሰው ቢሰጥ 1.14 ነጥብ ያወጣል። የተሻለውን የመረጠው ሰው ለራሱ ሰንጠረዥ ዜሮ ጻፈ፣ ለቡድኑ ግን 0.34 ነጥብ ጨመረ።

ወደ መከላከሉ ስንመጣ ነገሩ ይበልጥ ይጥማል። ሂውስተን በዚያ ዘመን ጨዋታን በቁጥር በማጥናት ከቀደሙት ቡድኖች አንዱ ነበር። በ2007 የቡድኑን ሥራ አስኪያጅነት የያዘው ዳሪል ሞሪ የመጣው ከዚያው ከስሌቱ ዓለም ነው። ከጨዋታ በፊት ባቲዬ ስለሚጠብቀው ሰው የተጠናቀረ መረጃ ይሰጠዋል። ሰውየው በቀኝ ሲሄድ ምን ያህል ያገባል? በግራስ? ሩቅ ሆኖ ሲወረውር? ባቲዬ ይህን አጥንቶ ይገባል። ሥራው ኮከቡን ዜሮ ማስቀረት አይደለም፤ ያ አይቻልም። ሥራው ኮከቡን ወደ ደካማው ቦታ መግፋትና እዚያ እንዲወረውር መተው ነው። ሲወረውር ደግሞ ኳሱን ለመምታት አይዘልም። እጁን በወርዋሪው ዓይን ፊት ያቆማል። ኳስ ለመምታት የዘለለ ተከላካይ ወይ ይታለላል ወይ ፋውል ይሠራል። እጅ ያቆመው ግን ቦታውን አይለቅም።

ማርች 16 ቀን 2008 ሂውስተን ከሎስ አንጀለስ ሌከርስ ጋር ተጫወተ። በዚያ ዓመት የሊጉ ምርጥ ተጫዋች የተባለው ኮቢ ብራያንት 24 ነጥብ አስቆጠረ። የጋዜጣ ርዕስ ብቻ የሚያነብ ሰው «ኮቢ ያው ኮቢ ነው» ይላል። ግን 24 ነጥብ ለማግኘት 33 ጊዜ ወርውሮ ያገባው 11 ብቻ ነበር። ሃያ ሁለት ጊዜ ስቷል። ሌከርስ 104 ለ92 ተሸነፈ። ኮቢን በዋናነት ሲጠብቅ የነበረው ባቲዬ ነው።

ሌላ ነገር ልጨምር፣ ለእኔ ከሁሉም የሚደንቀኝ እሱ ነው። ሳን አንቶኒዮ ስፐርስ ባቲዬ የሚጠብቀውን ማኑ ጂኖቢሊን ከተጠባባቂ ወንበር ነበር የሚያስገባው። ባቲዬ ደግሞ ቋሚ ተሰላፊ ነው። ሁለቱ ሜዳ ላይ የሚገናኙበት ሰዓት እንዳይሸራረፍ ባቲዬ ራሱ እንደ ተጠባባቂ እንዲጀምር ጠየቀ። ቋሚ መሆን በኤንቢኤ የክብር ጉዳይ ነው። ሰው ለዚህ ይኮራረፋል፣ ቡድን ይቀይራል።

ከዚህ ውጭ ያሉትን በአጭሩ ልለፋቸው። ቻርጅ መውሰድ አለ፤ እየሮጠ በሚመጣ አጥቂ ፊት ቀድሞ ቆሞ መገጨት ነው። ፋውሉ የአጥቂው ይሆናል፣ ኳሱም ይገኛል። ቦክስ አውት አለ፤ ሪባውንዱን ሌላ ጓደኛ እንዲይዘው ተጋጣሚን በጀርባ ገፍቶ ከቀለበቱ ማራቅ ነው። ማውራትም አለ። ጀርባቸውን ለሰጡ ጓደኞች «ስክሪን በግራህ!» ብሎ መጮህ።

ይህ ተደምሮ ስንት ድል ያመጣል?

ብዙ ሰው «እሺ፣ ጥሩ ሥራ ነው፣ ግን ትንንሽ ነገር ነው» ይላል። ትንንሽ ነገር መሆኑ ልክ ነው። ግን ኤንቢኤ ውስጥ ልዩነቱ ራሱ ትንሽ ነው።

አንድ ቡድን በዓመት 82 ጨዋታ ያደርጋል። የሚያገባውና የሚገባበት እኩል ከሆነ ግማሹን፣ ማለትም 41 ጨዋታ ገደማ ያሸንፋል። በአማካይ በአንድ ጨዋታ አንድ ነጥብ ብልጫ ሲጨምር ወደ ሁለት ተኩል ተጨማሪ ድል ያገኛል። የቆየና በደንብ የሚታወቅ የስሌት ልምድ ነው።

አንድ የማጥቃት ተራ ደግሞ በአማካይ አንድ ነጥብ ገደማ ያወጣል። አሁን እናስላ። አንድ ሰው በአንድ ጨዋታ አንድ ቻርጅ ወሰደ፣ ሊጠፋ የነበረ አንድ ኳስ መሬት ላይ ተወርውሮ አዳነ፣ በቦክስ አውት አንድ ሪባውንድ ለጓደኛው አስያዘ። ሦስት የማጥቃት ተራ፣ ሦስት ነጥብ። በየጨዋታው ይህን ካደረገ በዓመት ሰባት ድል ገደማ ነው። 38 ጨዋታ የሚያሸንፍ ቡድን 45 ያሸንፋል። አንዱ በጊዜ ለዕረፍት ይበተናል፣ ሌላው ከ82ቱ ጨዋታ በኋላ ለዋንጫ የሚደረገው ፕሌይኦፍ ውስጥ የመግባት ዕድል ያገኛል። ሰውየው ግን በዚህ ሁሉ አንድም ነጥብ አላስቆጠረም።

ፕላስ ማይነስ የሚሉት ምንድን ነው?

ይህን የተደበቀ ሥራ ለመያዝ የወጣ መለኪያ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። ተጫዋቹ ሜዳ ላይ በነበረበት ሰዓት ቡድኑ በስንት ነጥብ በለጠ ወይም ተበለጠ? ሲገባ 20 እኩል ከነበረና ሲወጣ 35 ለ28 ከሆነ፣ ፕላስ ሰባት ተባለ። ማን አስቆጠረ የሚለው ጥያቄ ውስጥ አይገባም።

ችግር አለበት። ከኮከብ ጋር ሁልጊዜ የሚገባ ደካማ ተጫዋች በኮከቡ ጥላ ፕላስ ያፈሳል። የአንድ ጨዋታ ቁጥርም ብዙ ያሳስታል። ስለዚህ ባለሙያዎች አሻሻሉት። በብዙ ጨዋታ ውስጥ ማን ከማን ጋር፣ ከማን በተቃራኒ እንደተጫወተ ተሰልቶ የጓደኞቹና የተጋጣሚዎቹ ድርሻ ይቀነሳል። የቀረው የራሱ ነው ይባላል። ባቲዬ በዚህ ስሌት ሲመዘን ከነጥብ ሰንጠረዡ ደረጃው እጅግ ከፍ ብሎ ይገኝ ነበር። ሂውስተኖች የፈለጉትም ለዚህ ነው።

52ቱ ድል የባቲዬ ብቻ ነው?

አይደለም። ሂውስተን 34 ጨዋታ ብቻ ያሸነፈው ኮከቡ ትሬሲ ማክግሬዲ ተጎድቶ 47 ጨዋታ ብቻ በተሰለፈበት ዓመት ነው። በቀጣዩ ዓመት 71 ጨዋታ ተሰለፈ። ይህ ብቻውን ብዙ ድል ነው። በሌላ በኩል ቻይናዊው ግዙፍ ያኦ ሚንግ በቀደመው ዓመት 57፣ በ52ቱ ድል ዓመት ደግሞ 48 ጨዋታ ብቻ ነው የተጫወተው። ስለዚህ «ጤና ስላገኙ ነው» ብሎ መዝጋትም አይቻልም። ሜምፊስም ቢሆን ባቲዬን ከሸጠ በኋላ ዋናው ተጫዋቹ ፓው ጋሶል እግሩ ተሰብሮ የዓመቱን መጀመሪያ አምልጦታል። አሰልጣኙም በመሃል ተባሯል።

ባቲዬ ድርሻ እንደነበረው ይበልጥ የሚያሳምነኝ የ2008 ጉዞ ነው። ሂውስተን በተከታታይ 22 ጨዋታ አሸነፈ። እስከዚያ ጊዜ በሊጉ ታሪክ ሁለተኛው ረጅሙ ነበር። ያኦ ሚንግ ከ12ኛው ድል በኋላ በጉዳት ዓመቱን ጨረሰ። የቀሩትን አስር ያለ እሱ አሸነፉ። አንድ ሰው ሳይሆን መከላከሉ ነበር የተሸከማቸው።

ለምን ደካማ ቡድን ላይ ይበልጥ ይጎላል?

ኳሱ አንድ ነው። በተሸናፊ ቡድን ውስጥ ደግሞ ኳሱን የሚፈልግ ሰው አይጠፋም። ወጣቶቹ ስም ማውጣት ይፈልጋሉ፣ ኮንትራቱ የሚያልቅበት ነጥብ ይፈልጋል። ሁሉም ይወረውራል፣ ማንም አይመለስም። እንዲህ ያለ ቡድን ላይ አራተኛ አስቆጣሪ ብትጨምርበት አዲሱ ሰው የሚያገኘው ኳስ ከሌሎቹ የተቀነሰ ነው። ኳስ የማይፈልግ ሰው ብትጨምር ግን ከማንም አይቀንስም።

በእኔ ግምት ሌላም ምክንያት አለ። ደካማ ቡድን አብዛኛውን ጊዜ የሚሸነፈው ድንቅ ነገር መሥራት ስላቃተው አይደለም። ቀላል ስህተት ስለሚደጋግም ነው። የማያስፈልግ ፋውል፣ ያልተመለሰ ተከላካይ፣ የተለቀቀ ሪባውንድ። እነዚህን ለማረም ተሰጥኦ አያስፈልግም። የሚያርም ሰው ነው የሚያስፈልገው።

የማይሠራው መቼ ነው?

ቤን ዋላስን እንውሰድ። ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ በሚወስዱበት የ1996 ምርጫ ላይ ማንም ቡድን አልመረጠውም። በ2000 ወደ ዲትሮይት ፒስተንስ ሄደ፣ ኮከቡ ግራንት ሂል በለቀቀበት ልውውጥ። በመጀመሪያው ዓመት በአንድ ጨዋታ 13 ሪባውንድ ይለቅም ነበር። ቡድኑ ግን 50 ጨዋታ ተሸነፈ። በቀጣዩ ዓመት አዲስ አሰልጣኝ ሪክ ካርላይል መጣ፣ የሚያስቆጥሩ ሰዎች ተጨመሩ። ያው ዋላስ ባለበት ቡድን 50 ጨዋታ አሸነፈ። በ2004 ደግሞ ሌከርስን 4 ለ1 አሸንፎ ዋንጫ ወሰደ። ዋላስ አራት ጊዜ የሊጉ ምርጥ ተከላካይ ሆኗል። በሕይወት ዘመኑ አማካይ ነጥቡ 5.7 ነው። በ2021 የቅርጫት ኳስ ታላላቆች ስም ወደሚሰፍርበት የዝና አዳራሽ ገብቷል።

እንግዲህ ክፍተት ደፋኙ ብቻውን ክፍተት ብቻ ያለውን ቡድን አያድንም። የሚያስቆጥር ሰው ከሌለ ስክሪኑ ለማን ይሠራል?

ባቲዬም ይህን ያውቃል። እሱ የነበረበት ሜምፊስ ከ2004 እስከ 2006 ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ፕሌይኦፍ ገባ። 12 ጨዋታ ተጫወተ፣ 12ቱንም ተሸነፈ። ከደካማ ወደ ደህና መውጣትና ከደህና ወደ ሻምፒዮን መውጣት የተለያየ ነገር ነው።

ሌላው ችግር ጭራሽ መወርወር የማይችል ሮል ፕሌየር ነው። ጠባቂው ትቶት ኮከቡን ለማነቅ ይሄዳል። ያኔ ቅድም ያልነው የቦታ ጥቅም ተገልብጦ ጉዳት ይሆናል። ትሕትና ብቻውን ሦስት ነጥብ አያገባም። ለዚህ ነው እንዲህ ያለውን ተጫዋች «ልበ ቀና» ብሎ ብቻ ማሞገስ የማይመቸኝ። ባቲዬ ጨዋ ሰው ሊሆን ይችላል፣ ግን ተፈላጊ ያደረገው ጨዋነቱ አይደለም። ያጠናል፣ ጥግ ላይ ያገባል፣ እግሩን የት እንደሚያቆም ያውቃል።

ተጫዋቹስ ምን ያገኛል?

ባቲዬ አንድም ጊዜ ለኮከቦች ጨዋታ አልተመረጠም። በ13 ዓመት አማካይ ነጥቡ 8.6 ነው። ግን በ2012 እና በ2013 ከማያሚ ሂት ጋር ዋንጫ አንስቷል። በ2013ቱ ፕሌይኦፍ ውርወራው ጠፍቶበት ወንበር ላይ ቀርቶ ነበር። በፍጻሜው ሰባተኛ ጨዋታ ላይ ግን አሰልጣኙ አስገባው። ከስምንት የሦስት ነጥብ ሙከራ ስድስቱን አገባ፣ 18 ነጥብ። ማያሚ በሰባት ነጥብ ልዩነት አሸነፈ።

ጨዋታ ሳይ ምኑን ልመልከት?

ለአምስት ደቂቃ ኳሱን ተዉት። አንድ ተጫዋች ምረጡና እሱን ብቻ ተከተሉ። ኳስ ሲጠፋ ወደ ኋላ ይሮጣል ወይስ ከዳኛ ጋር ይጨቃጨቃል? ኳስ ሲወረወር ሰው ይፈልጋል ወይስ ቀና ብሎ ያያል? ጓደኛው ሲታለፍ ቀድሞ ይደርሳል?

ቁጥር የሚወድ ደግሞ አሁን ዕድለኛ ነው። ኤንቢኤ ከ2016 ጀምሮ እነዚህን ነገሮች እየቆጠረ በድረ ገጹ ያወጣል። በእጅ የተነኩና አቅጣጫ የሳቱ ኳሶች፣ የተወሰዱ ቻርጆች፣ ነጥብ ያስገኙ ስክሪኖች፣ እጅ የተዘረጋባቸው ውርወራዎች፣ መሬት ላይ የተለቀሙ ኳሶች። የምትደግፉት ቡድን ሲሸነፍ ከነጥብ ሰንጠረዡ በፊት እነዚህን ክፈቱ።